የጭነት መኪና ተራ ማስከበሪያ ሥርዓት ልንሠራ ነው፤ የሰርቨሩን ፕሮጀክት እንዴት እናደራጀው?

ተራ ጠባቂ · ሰኞ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተምረን እዚሁ ከተማ ቀርተናል። አሁን አንድ የጭነት መኪና ባለንብረቶች ማኅበር ሥራ ሰጥቶናል። መኪኖቹ ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብና ወደ መሃል አገር ይጭናሉ። ሹፌሩ ወይም ረዳቱ አዳማ ባለው ቢሮ መጥቶ ተራ ይይዛል፤ ጭነት ሲመጣ በተራው ይመደባል፤ ማኅበሩ ኮሚሽኑን ይቆርጣል። ይህ ሁሉ እስካሁን የሚሠራው በአንድ ትልቅ መዝገብና በግድግዳ ሰሌዳ ነው። «ተራዬን ዘለላችሁብኝ» የሚል ጠብ የማይነሣበት ቀን የለም ይላሉ።

የሚፈልጉት የአባላትና የመኪና ምዝገባ፣ ተራ፣ የጭነት ምደባ፣ የኮሚሽንና የመዋጮ ሂሳብ፣ እንዲሁም ተራው ለደረሰ ሹፌር የሚላክ አጭር መልእክት ነው። የስልክ መተግበሪያ ገና አልጠየቁም፤ በአሳሽ የሚከፈት ገጽ ይበቃቸዋል።

ጭቅጭቃችን የጀመረው አንድ መስመር ኮድ ሳንጽፍ፣ ገና በፍሬምወርኩ (ሥራው በሚገነባበት ዝግጁ የኮድ ማዕቀፍ) ምርጫ ነው። አንዱ በኖድና በኤክስፕረስ ይሁን ይላል፤ ሌላው ላራቬል፤ እኔ ጃንጎ እመርጣለሁ። የኖዱ ጓደኛችን ደግሞ አንድ የቪዲዮ ትምህርት ተመልክቶ አባላትን፣ ተራን፣ ጭነትን፣ ሂሳብንና መልእክትን አምስት የተለያዩ አገልግሎቶች አድርጎ ሥሎ መጥቷል፤ እያንዳንዱ የራሱ ዳታቤዝ አለው። ሥዕሉ ያምራል። እኔ ግን ፈራሁት።

እናንተ ብትሆኑ ፕሮጀክቱን እንዴት ትከፋፍሉታላችሁ? በሦስታችንም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲነሣ ምን ታደርጋላችሁ? ቢሮው መብራትና ኔትወርክ እንደሚቋረጥበትም አትርሱልኝ።

የቆየ ሰርቨር · ሰኞ ከምሽቱ 3:05

ልጆች፣ መጀመሪያ ያንን ሥዕል እጠፉትና መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት። ለሦስት ሰው፣ ለአንድ ቢሮና ለአንድ ማኅበር አምስት አገልግሎት መዘርጋት ለአንድ ኩንታል ጤፍ አምስት ባለ ተሳቢ እንደ መጥራት ነው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ጭነት ሲመደብ ሦስት ነገር አብሮ መፈጸም አለበት፦ መኪናው ከተራ ይወጣል፣ ጭነቱ በስሙ ይመዘገባል፣ ኮሚሽኑ ዕዳ ሆኖ ይጻፍበታል። ሦስቱም አንድ ዳታቤዝ ውስጥ ከሆኑ አንድ ትራንዛክሽን ያስራቸዋል፤ ወይ ሁሉም ይሆናሉ፣ ወይ አንዱም አይሆንም። በየዳታቤዙ ከበተናችኋቸው ግን መኪናው ከተራ ወጥቶ ጭነቱ ሳይመዘገብ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ያንን ሹፌር ቆማችሁ የምታስረዱት እናንተ ናችሁ። ትልልቅ ኩባንያዎች ይህን የሚወጡባቸው ዘዴዎች አሏቸው፤ ዘዴዎቹ የሚጠይቁት የሰው ኃይል ግን እናንተ ዘንድ የለም። በአንድ ፕሮጀክትና በአንድ ዳታቤዝ ጀምሩ፤ ውስጡን ግን በሥርዓት ከፋፍሉት። ድንበሩ ከወዲሁ ከተሠመረ አንዱን ክፍል ኋላ ለብቻው ማውጣት አይከብድም።

ስለ ፍሬምወርኩ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኤክስፕረስ ሆን ተብሎ ባዶ ነው፤ ዳታቤዙ፣ መግቢያው፣ የፎልደሩ አቀማመጥ ሁሉ የእናንተ ውሳኔ ነው። ልምድ ላለው ሰው ነፃነት ነው፤ ገና ለጀመረ ቡድን ግን በየቀኑ የሚጨቃጨቁበት ርእስ ይሰጣል፤ እንደማየው ከወዲሁ ጀምራችሁታል። ጃንጎ የተወለደው አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ ሎውረንስ በተባለች ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ቢሮ ነው፤ ለሕዝብ የተለቀቀው በ2005 ነው። የጋዜጣ ሥራ ስለሚያስቸኩል ዝግጁ የአስተዳደር ገጽ ይዞ ይመጣል። ለእናንተ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ ሞዴሉን (የመረጃውን ቅርጽ የሚገልጸውን ኮድ) እንደ ጻፋችሁ የማኅበሩ ጸሐፊ መኪና መመዝገብ ትጀምራለች፤ እናንተ ሙሉ ሐሳባችሁን ተራው ላይ ታሳርፋላችሁ። ላራቬልም አያሳፍርም፤ ማይግሬሽን (የዳታቤዙን ሠንጠረዦች የሚሠራና የሚቀይር ኮድ)፣ የሥራ ወረፋ (ከገጹ ጀርባ የሚሠሩ ሥራዎች ሰልፍ)፣ መግቢያ ሁሉ አለው። ከሦስታችሁ ሁለታችሁ በደንብ የምታውቁትን ያዙ። ጓደኝነትን በፍሬምወርክ አትለውጡ።

ንፋስ ተርባይን · ሰኞ ከምሽቱ 3:40

በጋሼ ሐሳብ እስማማለሁ፤ በክፍፍሉ ላይ እኔ ልጨምር። አብዛኛው ትምህርት «ሞዴሎች»፣ «ኮንትሮለሮች»፣ «ሰርቪሶች» ብላችሁ በኮዱ ዓይነት እንድትከፍሉ ያስተምራል። ሥራው ሲያድግ «ኮንትሮለሮች» የሚለው ፎልደር በፋይል ይሞላል፤ የትኛው ከተራ፣ የትኛው ከሂሳብ ጋር እንደሚሄድ የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ይሆናል። ከዚያ ይልቅ በሥራው ከፍሉት፦ አባላት፣ መኪና፣ ተራ፣ ጭነት፣ ሂሳብ፣ መልእክት። ስሞቹ የማኅበሩ ሰዎች በየቀኑ ቢሮ ውስጥ የሚናገሯቸው ይሁኑ። ማኅበሩ ነገ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቶ «ጭነት እምቢ ያለ መኪና ወደ ተራው መጨረሻ ይውረድ» ብሎ ቢወስን የምትከፍቱት «ተራ» የሚለውን ፎልደር ብቻ መሆን አለበት። ሂሳቡንም የገጹንም ኮድ መነካካት ካስፈለጋችሁ ክፍፍሉ ተበላሽቷል።

በጃንጎ እያንዳንዳቸው አንድ «አፕ» (የፕሮጀክቱ አንድ ክፍል) ይሆናሉ። ስድስት በዛ ካላችሁ አባላትንና መኪናን አንድ አድርጓቸው፤ ከቁጥሩ ይልቅ አቅጣጫው ያሳስባችሁ። ጭነት ተራን ሊያውቅ ይችላል፤ ተራ ግን ጭነትን ማወቅ የለበትም። እርስ በርስ ከተጠራሩ የጃንጎ ቋንቋ የሆነው ፓይተን ራሱ የክብ ኢምፖርት ስሕተት ሊያወጣባችሁ ይችላል። ያን ጊዜ ኢምፖርቱን ፈንክሽን ውስጥ ደብቃችሁ አትለፉ፤ ስሕተቱ ድንበሩ የት ጋ እንደ ተጣሰ እየጠቆማችሁ ነው።

ደግሞም የተራው ሕግ የተጻፈበት ፋይል ስለ ኤችቲቲፒ (አሳሹና ሰርቨሩ ስለሚነጋገሩበት ደንብ) ምንም አይወቅ። የመኪኖቹ ዝርዝርና ሰዓቱ ይሰጠዋል፤ ተረኛውን መኪና ይመልሳል፤ በቃ። እንዲህ ከሆነ ሰርቨር ሳታስነሡና ዳታቤዝ ሳትከፍቱ ትፈትኑታላችሁ። የማኅበሩን ሽማግሌዎች አስቀምጣችሁ እስካሁን ያስታረቁትን ጠብ ሁሉ ጠይቋቸው፤ እያንዳንዱ ጠብ አንድ ቴስት ይወጣዋል።

ላራቬሉን አትንኩ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 2:20

ተርባይን፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ፍሬምወርክ ይዘህ አቀማመጡን በራስህ ፈቃድ ካፈረስኸው ፍሬምወርኩ ለምን አስፈለገ? ሩቢ ኦን ሬይልስ የተባለው ፍሬምወርክ በ2004 ሲወጣ አንዱ ትልቅ ሐሳቡ ይህ ነበር፤ ነገሮች የታወቀ ቦታ ይኑራቸው፣ ሰው በየፕሮጀክቱ እንደ አዲስ አይወስን። በ2011 የመጣው ላራቬልም በዚያው መንገድ ነው የሄደው። አዲስ የተቀጠረ ሰው መንገዶቹ የት፣ ማይግሬሽኑ የት እንዳለ ማንንም ሳይጠይቅ ያገኘዋል። «ተራ» የሚለውን ፎልደርህን ግን አንተ ካላስጎበኘኸው አያውቀውም።

ላራቬል ለሚመርጥ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ልተው። ርካሽ የጋራ ሆስቲንግ ላይ ፕሮጀክቱን በሙሉ የድረ ገጹ ፎልደር ውስጥ የሚገለብጥ ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ሲሆን የዳታቤዙ የይለፍ ቃል ያለበት የኢኤንቪ ፋይል አድራሻውን በአሳሽ ለጻፈ ሁሉ ሊከፈት ይችላል። ለዓለም የሚታየው «ፐብሊክ» የሚባለው ፎልደር ብቻ ነው፤ የቀረው ከእርሱ ውጭ ይቀመጣል።

ንፋስ ተርባይን · ማክሰኞ ከጠዋቱ 2:45

የታወቀ ቦታ ይኑራቸው ያልኸው ልክ ነው፤ በእያንዳንዱ አፕ ውስጥ ያሉትን የጃንጎ ፋይሎች ስማቸውን አልነካሁም። ሆኖም የላራቬልን አቀማመጥ በቃሉ የያዘ ሰው ተራው እንዴት እንደሚሠራ አወቀ ማለት አይደለም።

ተራ ጠባቂ · ማክሰኞ ከቀኑ 6:30

አመሰግናለሁ። ጋሼ የጻፉትን ለጓደኞቼ አነበብሁላቸው፤ ሥዕሉ መሳቢያ ገብቷል። የሣለው ልጅ ትንሽ አኩርፏል፤ በማኪያቶ ይፈታል።

ቢሮው ሁለት መዝጋቢዎች አሉት። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ሁለት መኪና ቢመዘግቡ ለሁለቱም «ተራ 48» እንዳይወጣ ምን ይደረጋል? የመጨረሻውን ቁጥር አንብቦ አንድ መደመር ይበቃል?

የዳታቤዝ ሰው · ማክሰኞ ከቀኑ 7:15

አይበቃም። ሁለቱም 47ን ያነባሉ፣ ሁለቱም 48ን ይጽፋሉ፤ ጠቡ ከሰሌዳው ወደ ኮምፒውተሩ ተዛወረ ማለት ነው።

ሁለት መከላከያ አድርግ፤ ሁለቱም ዳታቤዙ ውስጥ ይኑሩ። ለእያንዳንዱ የመኪና ምድብ አንድ ረድፍ ያዝና ቁጥር ከመስጠትህ በፊት በትራንዛክሽን ውስጥ ያንን ረድፍ ቆልፈው፤ በጃንጎ «ሴሌክት ፎር አፕዴት» የሚባለው ነው። ሁለተኛዋ መዝጋቢ የመጀመሪያዋ እስክትጨርስ ለዓይን ጥቅሻ ትጠብቃለች፤ ማንም አይታወቀውም። ከዚያ ምድብ፣ የተራ ቀንና ቁጥር ሦስቱ አንድ ላይ እንዳይደገሙ በሠንጠረዡ ላይ ክልከላ አኑር። ኮዱ ቢሳሳት እንኳ ዳታቤዙ እምቢ ይላል። ታዲያ ኮምፒውተራችሁ ላይ ስትሠሩ ቀለል ይበል ብላችሁ ኤስኪውላይትን (በአንድ ፋይል የሚቀመጠውን ትንሽ ዳታቤዝ) አትጠቀሙ፤ ጃንጎ እዚያ ላይ ይህን ቁልፍ ዝም ብሎ ያልፈዋል። እናንተ ዘንድ ሁሉ ሰላም ሆኖ ቢሮው ውስጥ ይፈነዳል። ሦስታችሁም ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ፣ ያውም አንድ ዓይነት ስሪት ጫኑ።

«የተራ ቀን» ያልሁት ሆን ብዬ ነው። ኮምፒውተሩ ቀን የሚቀይረው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከሞጆ የገባ መኪና ለማኅበሩ የትናንት ነው ወይስ የዛሬ? አንተ አትወስንም፤ ማኅበሩን ጠይቅ፤ መልሱን በአንድ ፈንክሽን ጻፈው፤ ውጤቱንም ራሱን በቻለ ዓምድ አስቀምጠው። ትክክለኛው ሰዓት ደግሞ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ለብቻው ይቀመጥ። የእኛ የሰዓት ቀጠና ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ እንደ አውሮፓውያኑ በበጋና በክረምት አይለዋወጥም፤ ከዚህ በኩል ተገላግለናል። የሚያደናግረው የራሳችን አቆጣጠር ነው። የ6 ሰዓቱን ልዩነትና የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያ ማስገቢያውና ማሳያው ላይ ብቻ ቀይር፤ ዳታቤዙ ውስጥ «ጳጉሜን 3» የሚል ጽሑፍ አይግባ።

ለመቀየሪያው ቴስት እነዚህን ቀኖች ውሰድ፦ መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የመጣው የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበራት ነው። የወር መምረጫውም 13 ወር መያዙን ተመልከት፤ 12 ብቻ ያለው ቅጽ እስከ ዛሬ ይገጥመኛል።

ሂሳብ ክፍል ነኝ · ማክሰኞ ከምሽቱ 1:00

እኔ ፕሮግራም አልጽፍም፤ የምሠራው በአንድ የትራንስፖርት ድርጅት ሂሳብ ክፍል ነው። ወንድሞቼ፣ «ሂሳብ» የሚለውን በአንድ ቃል አለፋችሁት።

ደረሰኝ አይጠፋም። የተሳሳተ እንደሆነ ተቃራኒ ምዝገባ ይደረግለታል፤ ሁለቱም መዝገቡ ላይ ይኖራሉ። ስለዚህ ገንዘብ ባለበት ገጽ ላይ «አጥፋ» የሚል ቁልፍ እንዳላይ። የደረሰኝ ቁጥር ተከታታይ ነው፤ ከ1204 ቀጥሎ 1206 ከመጣ ኦዲተሩ 1205 የት ሄደ ይላል፤ «ኮምፒውተሩ ዘለለው» ብሎ መመለስ አይቻልም። ገንዘቡን ማን ተቀበለ፣ መቼ፣ በጥሬው ወይስ በባንክ ወይስ በቴሌብር የሚለውም ይያዝ። እኛ የተገዛልን ሥርዓት የዕለቱን ድምር ከካዝናው ጋር በሳንቲም ያለያይብን ነበር፤ የሠሩት ሰዎች ምክንያቱን ሳያገኙት ውላቸው አለቀ።

የዳታቤዝ ሰው · ማክሰኞ ከምሽቱ 1:25

እህቴ፣ ያ ሥርዓት ገንዘቡን በተንሳፋፊ ነጥብ ቁጥር ይዞት ሊሆን ይችላል። በዚያ ዓይነት ቁጥር 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ በትክክል 0.3 አይሆኑም፤ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን የሚይዘው በሁለትዮሽ ነውና። ገንዘብ በዴሲማል (በአስርዮሽ) ዓምድ ወይም በሳንቲም ተቆጥሮ በሙሉ ቁጥር ይቀመጣል።

ስለ ደረሰኝ ቁጥር ያነሡት ለተራ ጠባቂ ትልቅ ነገር ነው። ፖስትግሬስ በራሱ የሚሰጠው ተከታታይ ቁጥር ትራንዛክሽኑ ሲከሽፍ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ቁጥሩ ባክኖ ይቀራል። ሰዎች እርስ በርስ እንዳይጠባበቁ ሲባል እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው። ለውስጥ መለያ ይሁናችሁ፤ ለደረሰኝ ግን እንደ ተራው አንድ ረድፍ ቆልፋችሁ ቁጥሩን በዚያው ትራንዛክሽን አውጡት።

ከሐይቁ ዳር · ረቡዕ ከጠዋቱ 3:10

ከሐዋሳ ሰላም። ስለ ስም ማንም ሳያነሣ ቀረ። የምትቀዱት ናሙና ፕሮጀክት ሁሉ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብላችሁ ሦስት ዓምድ አድርጉ፤ ዝርዝሩም በራስ ስም ይደርደር።

ፍለጋው ይብሳል። ባለንብረቱ «ፀሐይ» ተብሎ ተመዝግቦ መዝጋቢዋ «ጸሀይ» ብላ ብትፈልግ አታገኘውም። እንደ አዲስ ትመዘግበዋለች፤ አንድ ሰው ሁለት ተራ ያዘ። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በዩኒኮድ (ኮምፒውተር ፊደላትን በሚለይበት የቁጥር ሠንጠረዥ) የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ዝግጁዎቹ የዩኒኮድ ማስተካከያዎች አንድ አያደርጓቸውም። ስሙን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ያዙት፤ ከጎኑ ፊደላቱ ወደ አንድ ዓይነት የተመለሱበት የፍለጋ ዓምድ ጨምሩ፤ የሚፈለገውንም ቃል በዚያው ፈንክሽን አሳልፉት። ይህ ፈንክሽን «የጋራ» በሚል ፎልደር ይቀመጥ። «የጋራ» ግን ቦታ ያጣ ኮድ ሁሉ መጣያ እንዳይሆን፤ ፊደል፣ ቀንና ስልክ ቁጥር ይበቃዋል።

ስልክ ካነሣሁ አይቀር፣ በ09፣ በ07፣ በ+251 የተጻፈው ሁሉ ሲገባ ወደ አንድ መልክ ይመለስ። ሳፋሪኮም በአውሮፓውያኑ 2022 ሥራ ጀምሮም «በ09 ካልጀመረ ስሕተት ነው» የሚል ቅጽ አሁንም አለ። በአማርኛ የሚጻፍ አጭር መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ በላቲን ፊደል ሲሆን 160። ከ70 ካለፈ ወደ ብዙ መልእክት ይከፋፈላል፤ ሂሳቡም እንደዚያው። ሰላምታውን ትታችሁ «ተራዎ ደርሷል» ብላችሁ ሰሌዳውንና ሰዓቱን ጻፉ። መልእክቱን ለሚልከው የሥራ ወረፋ አስረክቡት እንጂ ገጹ ቆሞ አይጠብቀው፤ ወረፋው ውስጥ የሚገባውም ትራንዛክሽኑ ከጸና በኋላ ነው። አለበለዚያ ምደባው ከሽፎ ሹፌሩ «ተራዎ ደርሷል» ተብሎ ከመተኛው ይነሣል።

ሹፌር የነበረ · ረቡዕ ከቀኑ 9:00

መኪናና ተሳቢ ሰሌዳቸው ለየብቻ ነው። ባለንብረቱ ተሳቢውን ከአንዱ ፈትቶ ለሌላው ይቀጥላል። አንድ ላይ ከጻፋችኋቸው ያለፈው ጭነት በየትኛው ተሳቢ እንደ ሄደ ይጠፋባችኋል። ሹፌርም ይቀያየራል። ተራው የመኪናው ነው፤ የሹፌሩ አይደለም። በዚህ ስንት ሰው ተደባድቧል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሰው ተራ መያዙን አያቆምም። መዝገቡን አታስጥሏቸው።

የቆየ ሰርቨር · ረቡዕ ከምሽቱ 2:30

ከላይ ከተከራከርነው ሁሉ የእኚህ ሰው አጭር መልስ ይበልጣል። ስለዚህ መኪና፣ ተሳቢና ሹፌር ሦስት ሠንጠረዥ፤ ማን ከማን ጋር ከመቼ እስከ መቼ የሚለው አራተኛ። ሰሌዳም ሊቀየር ስለሚችል ዋና መለያ አይሁን።

ስለ መዝገቡም ልክ ናቸው። ሰርቨሩ ውጭ ተከራይቶ ቢሮው ውስጥ ላፕቶፕና የሞባይል ኢንተርኔት ካለ አብዛኛው መቋረጥ ይታለፋል፤ የአዳማ ሙቀትና አቧራም ሰርቨራችሁን አያገኘውም። ኔትወርኩም ሲሄድ በወረቀት ይመዘገባል። ለዚህ ሲባል ሠንጠረዡ ሁለት ሰዓት ይያዝ፤ ሹፌሩ የመጣበትና ወደ ኮምፒውተሩ የገባበት። ቅደም ተከተሉ በመጀመሪያው ይሠራል። ይህን ዛሬ ካላሰባችሁበት ኋላ ጠቅላላውን የተራ ኮድ ታፈርሳላችሁ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

አሁን ወደ ፕሮጀክቱ አነሣሥ። ከማሽን ማሽን የሚለያየው ሁሉ፣ ማለትም የዳታቤዙ አድራሻ፣ የይለፍ ቃሉ፣ የመልእክት ላኪው ቁልፍ፣ ከኮዱ ውጭ በኢኤንቪ ፋይል ይኑር። በአውሮፓውያኑ 2011 የሄሮኩ (የሰርቨር አገልግሎት የሚሰጥ ኩባንያ) ሰዎች ያሰፈሩት አንድ መፈተኛ አለ፤ ኮዳችሁን አሁን በዚች ደቂቃ ለዓለም ብትከፍቱት የሚጋለጥ ምሥጢር አለ? ካለ አልተለየም። ፋይሉ ጊት (የኮዱን የለውጥ ታሪክ የሚይዘው መሣሪያ) ውስጥ አይግባ፤ በምትኩ ስሞቹን ብቻ የያዘ ባዶ ናሙና ይግባ። አንድ ጊዜ ከገባ በቀጣዩ ኮሚት (የለውጥ ምዝገባ) ማጥፋት አያድንም፤ ታሪኩ ውስጥ ይኖራል፤ የይለፍ ቃሉን ራሱን ቀይሩ። የላይብረሪዎቹን (ሌሎች ጽፈውት የምትጠቀሙበትን ዝግጁ ኮድ) ትክክለኛ ስሪት የሚይዘው ፋይል ግን ይግባ። ላይብረሪ ስታበዙም አስቡበት፤ በአውሮፓውያኑ 2016 ከኤንፒኤም (የኖድ ላይብረሪዎች ማከማቻ) ላይ አንድ የ11 መስመር ኮድ ስለ ተነሣ በዓለም ዙሪያ ስንት ፕሮጀክት አልነሣም ብሎ ነበር።

ሥዕሉን የሣልኩት · ረቡዕ ከምሽቱ 3:00

ያኮረፍሁት እኔ ነኝ። ጋሼ፣ ስለ ትራንዛክሽኑ ያሉት ገብቶኛል፤ እርስዎ እንዳሉት ይሁን። ዶከርን (ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር «ምስል» ከሚባል ፋይል የሚያስነሣውን መሣሪያ) ግን አትከልክሉኝ፤ ሁላችንም አንድ ዓይነት እንዲነሣልን ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የከበደኝ የኢንተርኔት ጥቅሉ ነው፤ ምስሎቹን ሦስታችንም ለየራሳችን ብናወርድ የወሩን ጥቅል ይጨርሰዋል።

ንፋስ ተርባይን · ረቡዕ ከምሽቱ 3:20

ለየራሳችሁ አታውርዱ። አንዳችሁ አውርዱና በዶከር «ሴቭ» ትእዛዝ ወደ አንድ ፋይል ቀይራችሁ በፍላሽ ተቀባበሉት፤ የተቀበለው በ«ሎድ» ይጭነዋል። ሙሉው የፓይተን ምስል ሲፈታ ወደ 1 ጊጋባይት ይጠጋል፤ «ስሊም» የሚባለው ከዚያ በብዙ ያንሳል። ከእርሱም የሚያንሰው «አልፓይን» ያጓጓል፤ ነገር ግን አንዳንድ የፓይተን ላይብረሪዎች እዚያ ላይ እንደ አዲስ መገንባት አለባቸው፤ በጥቅል ያተረፋችሁትን በጊዜ ትከፍሉታላችሁ።

ላፕቶፓችሁ አቅም ካነሰው ፖስትግሬስን ብቻ በዶከር አስነሡና ጃንጎውን እንዲሁ አስኪዱት። ማንም ሰው የሪድሚውን (የማስነሻ መመሪያውን) ፋይል ብቻ ይዞ ማስነሣት መቻሉን አረጋግጡ። ከሦስታችሁ ኮዱን ያልነካው በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ይሞክረው፤ ሁለታችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። አፉን ከፍቶ የጠየቃችሁ ነገር ሁሉ ሪድሚው ውስጥ የጎደለ ነው።

የዳታቤዝ ሰው · ሐሙስ ከጠዋቱ 4:00

ሰርቨር ላይ ስታወጡት «ዲበግ» መዘጋቱን አረጋግጡ፤ ክፍት ከሆነ ስሕተት በተፈጠረ ቁጥር የኮዳችሁን ውስጥ ለማንም ያሳያል። ጃንጎ ለዚህ «ቼክ ዲፕሎይ» የሚል ትእዛዝ አለው፤ የጎደለውን ይነግራችኋል። የገጹን ግንኙነት የሚጠብቀው የሌትስ ኢንክሪፕት የምስክር ወረቀት ለ90 ቀን ነው፤ በራሱ እንዲታደስ አድርጉት። የዳታቤዙ ቅጂ በየሌሊቱ ተወስዶ ከዚያ ሰርቨር ውጭ ይቀመጥ፤ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። ቅጂውንም ሌላ ቦታ መልሳችሁ ክፈቱት፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ ቅጂ አይባልም።

የሹፌሮችን ስልክና መንጃ ፈቃድ ስለምትይዙ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ሰርቨር ከመከራየታችሁ በፊት አንብቡት። ዶሜኑና ሰርቨሩ ደግሞ በማኅበሩ ስም ይመዝገብ። ነገ ከመካከላችሁ አንዱ ወደ ሌላ ሥራ ሲሄድ የማኅበሩ ተራ በእርሱ ኢሜይል ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር።

ተራ ጠባቂ · ሐሙስ ከምሽቱ 1:40

ተስማምተናል። ጃንጎ፣ አንድ ፕሮጀክት፣ ፖስትግሬስ፤ አፖቹ አባላትና መኪና፣ ተራ፣ ጭነት፣ ሂሳብ፣ መልእክት። መጀመሪያ ምዝገባውንና ተራውን ብቻ እናወጣለን፤ ሂሳቡን የሂሳብ ክፍሏ እህታችን ያሉትን ይዘን ከማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ጋር ተቀምጠን ነው የምንጽፈው። የሌሊቱን ጉዳይ ማኅበሩን ጠየቅን፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት የገባ የትናንት ነው ብለውናል፤ ከዚያ እርስ በርስ ተከራክረው «እንደገና ጠይቁን» አሉን።

ማይግሬሽኑን ዛሬ ማታ እናስነሣለን። የረሳነው አለ?

የቆየ ሰርቨር · ሐሙስ ከምሽቱ 1:55

አለ፤ ገና እጃችሁን አንሡ። ከመጀመሪያው ማይግሬሽን በፊት የራሳችሁን የተጠቃሚ ሞዴል አድርጉ፤ ባዶ ቢሆንም፣ ከጃንጎው የተወረሰ ብቻ ቢሆንም። መዝጋቢዎቹ ኢሜይል አይከፍቱም፤ በስልክ ቁጥር ይግቡ ማለታችሁ አይቀርም። ሁለቱም የየራሳቸው መግቢያ ይኑራቸው፤ በአንድ የይለፍ ቃል ከተካፈሉ «ገንዘቡን ማን ተቀበለ» የሚለው ዓምድ ዋጋ የለውም። ዛሬ ማታ የጥቂት መስመር ሥራ ነው፤ ሠንጠረዡ ውስጥ ሰው ከገባ በኋላ ግን ሌሎቹ ሠንጠረዦች ሁሉ የተሳሰሩበትን ክር በእጃችሁ ትፈታላችሁ።